«ደውሉላቸው እንጂ ለምን ትሄዳላችሁ?»

ባለፈው ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሳሎናችን መብራት በርቶ ነበር። እማዬ አንዱን ፌስታል ትፈታለች፣ ሌላውን ታስራለች። አምስት ሊትር ዘይት፣ ጥሬ ቡና፣ ሁለት ኪሎ በርበሬ፣ ለልጆች ብስኩት። አባዬ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። አውቶቡሱ የሚነሳው 12 ሰዓት ነው። እሱ ግን ላም በረት መናኸሪያ ከሹፌሩ ቀድሞ ካልደረሰ የሄደ አይመስለውም።

እኔ እንቅልፌን በግማሽ ዓይኔ ይዤ ራይድ ጠራሁላቸው፣ ፌስታሎቹን ተሸክሜ እስከ መኪናው ሸኘኋቸው። የዛሬ ዓመት በዚህ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ግን እየተጨቃጨቅን ነበር። «ደውሉላቸው እንጂ ለምን ትሄዳላችሁ?» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነበረች። በየቀኑ እደጋግማት ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያቺን ቃል ለመመለስ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ጡረታ የወጡ ወላጆች ካሉና እናንተም እንደ እኔ «ቁጭ በሉ» የምትሉ ከሆነ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ።

ወላጆቼ ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው። አባዬ 35 ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። እማዬ 28 ዓመት ነርስ ነበረች። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ዘመድ ጥየቃ ይወጣሉ። መስቀል ሲያልፍ ወደ ሰሜን ነው፦ ደብረ ብርሃን የእማዬ ታላቅ እህት አለች፣ ደሴ ደግሞ የአባዬ የወጣትነት ጓደኛ። ፋሲካ ሲያልፍ ወደ ደቡብ፦ ሐዋሳ እህቴ ልጆቿን ይዛ ትኖራለች፣ ሻሸመኔ ላይ ደግሞ እማዬ አብራት የሠራች ነርስ አለች። ከዚህ ውጭ «ሽርሽር» የሚባል ነገር አያውቁም። ላንጋኖን ስንት ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት አይተውታል፣ አንድም ቀን ወርደው አያውቁም። ምክንያቱም ላንጋኖ ላይ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ኤክሴል የከፈትኩበት ቀን

ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የተመረቅሁት በኢኮኖሚክስ ስለሆነ ቤት ውስጥ «እስቲ ይሄ ነገር ምን ማለት ነው?» ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አስረዳሁ። ከዚያ ያው የተማረ ሰው አመል አይለቅም፣ ላፕቶፔን ከፍቼ የቤታችንን ወጪ በኤክሴል መደርደር ጀመርኩ። መስከረም 2017 ላይ የሰሜኑ ጉዞ ወጪ ጋር ደረስኩ።

ትራንስፖርት ለሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ። ይዘው የሚሄዱት ዕቃ። መንገድ ላይ ምሳ። ለልጆች በእጅ የሚሰጥ። ለለቅሶ የሚሰጥ፣ ምክንያቱም ከቆየህበት አገር ስትመለስ ያልደረስከው ለቅሶ አይጠፋም። ድምሩ የሁለቱን የአንድ ወር ጡረታ ጠራርጎ የሚበላ ሆነ።

ጡረታው እንዴት እንደሚሰላ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ነገ የእናንተም ጉዳይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንክ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የዚህን 30 በመቶ ታገኛለህ። ከዚያ በላይ ለሠራኸው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አባዬ በ35 ዓመቱ 61.25 በመቶ ደረሰው። እማዬ በ28 ዓመቷ 52.5 በመቶ። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ አስተማሪ 35 ዓመት ቾክ ሲያቦን ኖሮ በወር 6,125 ብር ይዞ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። ቀመሩ የሚያውቀው የድሮውን ደመወዝ ነው። የዛሬው የሽንኩርት ዋጋ እዚያ ውስጥ የለም።

«አባዬ፣» አልኩት ስክሪኑን ወደ እሱ አዙሬ፣ «ይሄ ጉዞ አያዋጣም። ቪዲዮ ኮል እያለ? በአንድ ጥቅል ዳታ ሁሉንም ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ታዩዋቸዋላችሁ።»

አባዬ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ቁጥር ያከብራል። «ድምሩ ልክ ነው» አለ። እማዬ ምንም አላለችም፤ ያሰረችውን ፌስታል ፈታች። በዚያ ዓመት ወደ ሰሜን ሳይሄዱ ቀሩ። እኔም በኤክሴል ክርክር አሸነፍኩ።

እሁድ እሁድ፣ ከጣሪያው ጋር

ሲቀሩ እንዲሁ አልተውኳቸውም። ለአባዬ ኢሞ ጫንኩለት፣ እሁድ ከሰዓት የጥሪ ፕሮግራም አወጣሁ። ደብረ ብርሃን ይደወላል፣ ሐዋሳ ይደወላል፣ መጨረሻ ላይ ደሴ ይደወላል።

የደሴውን ሰውዬ እኛ ልጆቹ ጋሼ ነው የምንላቸው። አባዬ ወጣት አስተማሪ ሆኖ ደሴ ሲመደብ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ኖረዋል። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ አባዬ ክርስቲያን። አባዬ ሲያገባ ከሚዜዎቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ወላጆቼ ደሴ በሄዱ ቁጥር ጋሼ በጉን የሚባርክ ክርስቲያን ጎረቤት ይጠራሉ፤ የእንግዶቹ ድስትም ለብቻው ይጣዳል። ወሎ ላይ ይሄ እንደ ታሪክ የሚወራ ነገር አይደለም፣ እንግዳ ሲመጣ የሚደረግ የወትሮ ሥራ ነው።

ጋሼ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ሳዑዲ ቤት ሠራተኛ ሆና ትሠራለች። ስልኩን የሚይዝላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። ልጁ ጨዋታው ስለሚበልጥበት ይመስለኛል፣ ካሜራው ሁልጊዜ የሚያሳየን የጋሼን ግማሽ ግንባርና የቤቱን ኮርኒስ ነበር።

«እንዴት ነህ?» ይላል አባዬ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እናንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጤናህስ? ስኳሩ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

ለወራት ያው ነበር። አንድ እሁድ አባዬ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረና «አሁን ያናገርኩት እሱን ነው ወይስ ጣሪያውን?» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

የ2017 ፋሲካ ሲያልፍ ተራው የሐዋሳ ነበር። አባዬ ግን «ወደ ላይ ነው የምንሄደው» አለ። እማዬ ለምን ሳትል ፌስታሏን አወጣች። እኔም ኤክሴሌን አላወጣሁም፣ ምክንያቱም ፊቱ የሚከራከሩት ፊት አልነበረም።

እማዬ ኪኒን ቆጠረች

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን አድረው፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፈው፣ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተው፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ሹራባቸውን አውልቀው፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርገው ደሴ ወጡ። የሆነውን የነገረችኝ እማዬ ናት።

ጋሼ በር ላይ ሲቀበሏቸው ከስተዋል። የመነጽራቸው እጀታ በክር ታስሯል። ቡና ሲቀርብ ስኒውን ለማንሳት እጃቸውን ሰደዱና ስኒው አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ያዙ። ሳቁና አስተካከሉት። አባዬ አላየም። 28 ዓመት ነርስ የነበረች ሴት ግን አየች።

«ጋሼ፣ እስቲ መድኃኒትዎን ያምጡልኝ» አለቻቸው።

«ኧረ ተይው፣ ቡናውን ጠጪ።»

«ያምጡልኝ።»

አመጡት። ካርቶኑ ላይ የተገዛበት ቀን ተጽፏል፤ 25 ቀን ሆኖታል። 60 ፍሬ ነው የተሰጣቸው፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ። እማዬ ሰሃን ላይ ገልብጣ ቆጠረችው። መቅረት የነበረበት 10 ነው። የቀረው 34 ነበር። ጋሼ በቀን አንድ እየዋጡ መድኃኒቱን ለሁለት ወር ያህል ሊያደርሱት ነበር።

እንዲህ ሆነው ከስድስት ወር በላይ ቆይተዋል። የመድኃኒቱ ዋጋ ጨመረባቸው። ልጃቸው የምትልከው ብር አለ፤ እሱን ግን አይነኩትም። «እሷ በሰው አገር ለፍታ የላከችውን እኔ ኪኒን ልዋጥበት? ስትመለስ ሱቅ ትከፍትበታለች» ነው ያሉት። ልጅቷ ስትደውል ደግሞ ምን ይላሉ? «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

በማግስቱ አባዬና እማዬ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። የቀኝ ዓይናቸው ተጎድቷል። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ስኳሩን በመቆጣጠር ማዳን ይቻላል አለ። አባዬ ማታውኑ ሳዑዲ ደውሎ ለልጅቷ ሁሉንም ነገራት። ጋሼ ተቀየሙ። «ቤቴ ድረስ መጥተህ ሰለልከኝ» ብለው ለሦስት ሳምንት ያህል ስልክ አላነሱም። እኔ ተጨነቅሁ። አባዬ ግን «ይቀየመኝ። መቀየም የሚችለው ሲኖር ነው» አለ።

አሁን ታርቀዋል። መድኃኒቱንም ሳያጓድሉ ይወስዳሉ። የቀኝ ዓይናቸው ግን አልተመለሰም። ከዚያ በፊት ወላጆቼ ሁለት ጊዜ ሳይሄዱ ቀርተው ነበር። በ2016 መንገዱ ነበር፤ በአማራ ክልል በነበረው ግጭትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ምክንያት መሄድ አልተቻለም። በ2017 ግን መንገዱ ሳይሆን እኔ ነበርኩ። ያኔ መስከረም ላይ ቢሄዱ ዓይናቸው ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። እማዬ ግን በዚያን ጊዜም ኪኒኑን መቁጠሯ አይቀርም ነበር።

ቪትዝ በፎቶ የገዛ አለ?

ከዚህ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን እንደ አዲስ ማሰብ ጀመርኩ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አሳትሟል። በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ሁሉም ሻጭ «አሪፍ ነው» ስለሚል «አሪፍ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርህም።

ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ቪትዝ ፎቶውን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው አለ? የለም። መካኒክ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ኮፈኑን ታስከፍታለህ፣ ከሥር ታጎነብሳለህ።

የእኛ ሰላምታም እንደዚያ ነው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እና «አልሐምዱሊላህ» ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና ነው እንጂ የጤና ሪፖርት አይደለም። የታመመም፣ የተቸገረም፣ ልጁ የጠፋበትም ሰው በመጀመሪያ የሚለው እሱን ነው። በትልልቆቹ ዘንድ ደግሞ ብሶትን በስልክ መዘርገፍ ነውር ነው፤ ሰው ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ እውነቱ የሚወጣው ሦስተኛው ቡና ላይ ነው። ወይም ማታ መኝታ ሲነጠፍ። ወይም ጭራሽ ሳይነገር፣ ስኒውን በሳተ እጅ ላይ።

ቋንቋችን ይህን ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር። «ጠየቀ» የምንለው አንድ ቃል ነው፤ ጥያቄ ማቅረብም፣ ሄዶ ማየትም። «የታመመ ጠየቅሁ» ካልክ ደውለህ ጥያቄ አቀረብክለት ማለት አይደለም። ተነስተህ ሄድክ ማለት ነው። ወላጆቼ ወደ ደሴ የሚሄዱት ሊጠይቁ ነው፣ በሁለቱም ትርጉም። እኔ ደግሞ አንዱን ትርጉም ብቻ በዳታ ጥቅል ልሸጥላቸው ነበር።

የበላሁት ብድር

ኤክሴሌ ላይ ሌላም ስህተት ነበር። «ወጪ» የሚል አምድ አለው፣ «ገቢ» የሚል አምድ ግን አልሠራሁለትም።

ከተመረቅሁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነበር፤ ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት መዞር። የተመደብኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ ለስድስት ሳምንት። ያደርኩት የት ነው? የእማዬ እህት ቤት፣ እትዬ ጋ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እትዬ በዚያች ከተማ ፋብሪካ የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ደርባልኝ፣ ጠዋት ገንፎ አብልታኝ፣ አንድ ብር ሳታስከፍለኝ ሸኘችኝ። አበሌን በሙሉ አጠራቅሜ የመጣሁበት ላፕቶፕ ነው ያ ኤክሴል የተከፈተበት።

እትዬ ያን ያደረገችው እኔን ስለምታውቀኝ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየችኝ ምናልባት አራት ጊዜ ነው። ያደረገችው እህቷ በየዓመቱ ፌስታል ተሸክማ በሯን ስለምታንኳኳ ነው። እማዬ ስትቆጥብ የኖረችውን እኔ በስድስት ሳምንት ወጪ አደረግሁት። ከዚያ ዞር ብዬ «መቆጠብ አቁሚ» አልኳት።

ባንክ ያለ ብር በዋጋ ንረት ይበላል። በ2014 ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ሁላችንም አይተነዋል። እትዬ ቤት የተቀመጠው ብርድ ልብስ ግን ያኔም ሞቃት ነበር። እድርና እቁብ በዚህ አገር ለረጅም ጊዜ የኖሩት ለዚህ ይመስለኛል። ልዩነቱ፣ እድር ሲቀር መቀጮ አለው። ዘመድ ጥየቃ ሲቀር መቀጮው ወዲያው አይመጣም፤ ቆይቶ፣ ማንም ሳያስተውለው ነው የሚመጣው። ልጆችህ ከአክስታቸው ልጆች ጋር መንገድ ላይ ተገናኝተው ሳይተዋወቁ ይተላለፋሉ።

ለተቀባዩም ከባድ ነው

ነገሩን አሳምሬ ብቻ ልተወው አልፈልግም። እንግዳ መቀበል በዚህ ጊዜ ቀላል አይደለም። እማዬ ቀድማ ትደውልና «አደራ፣ ምንም እንዳታዘጋጁ» ትላለች። የሚሰማት የለም። ዶሮ ይታረዳል፣ ተበድረውም ቢሆን። አንዳንድ ዘመድ እንግዳ የሚሸሸው ጠልቶ አይደለም፤ የሚያቀርበው ስለሌለው አፍሮ ነው። አንዲት የአባዬ ዘመድ ወላጆቼ እንደሚመጡ ስትሰማ «ለቅሶ ልንሄድ ነው» ብላ ሁለት ጊዜ አሳብራለች። በኋላ ሲጣራ ቤት ውስጥ ዘይት አልነበረም።

ፌስታሉ ውስጥ አምስት ሊትር ዘይት ያለው ለዚህ ነው። እኔ «ስጦታ» የሚል መስመር ላይ ነበር ያስገባሁት። ስጦታ ሳይሆን የራሳቸውን ቀለብ ይዘው እየሄዱ ነው፣ ተቀባዩ በማያፍርበት መንገድ። አባዬ ደግሞ ሕግ አለው፦ ከሦስት ሌሊት በላይ የትም አያድርም። «አራተኛው ቀን ላይ እንግዳ ሳይሆን ወጪ ነህ» ይላል። ሲመለሱ ፌስታሉ ከሄደበት ይከብዳል። ቆሎ፣ በሶ፣ አንዳንዴም ማር። ይሄንንም ኤክሴሉ ላይ አላስገባሁትም ነበር።

መንገዱ ሲዘጋ

የመንገዱን ጉዳይ ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ። ዛሬ በዚህ አገር «ሂዱ» ብሎ መምከር ኃላፊነት አለው። ሰላም የሌለበት መንገድ አለ። የሰላም መንገድ ላይም ቢሆን የመኪና አደጋ አለ። ወላጆቼ ከመነሳታቸው በፊት ሦስት ሰው ጠይቀው ነው፦ እዚያው የሚኖር ዘመድ፣ ትናንት የመጣ መንገደኛና የመናኸሪያ ሠራተኛ። ሦስቱ ካልተስማሙ አይሄዱም። በሌሊት አይጓዙም። እኔም በዚህ አልከራከራቸውም።

ግን መንገድ የሚዘጋ መሆኑ፣ ሲከፈት ለመሄድ ምክንያት ነው። እማዬ መቀሌ አብራት ነርስነት የተማረች ጓደኛ አለቻት። ጥቅምት 2013 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩ ጠፋ። ብዙ ወራት ሙሉ እማዬ ያቺን ቁጥር ትደውላለች፣ ያው «ጥሪ አይቀበልም» የሚለው ድምፅ ይመልስላታል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በረረ። ሰዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እማዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ነበር ያየችው። በኋላ ጓደኛዋ በስልክ ስትገኝ የመጀመሪያው ቃሏ ምን ይመስላችኋል? «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» እማዬ እስካሁን አላመነቻትም። ሄዳ እስክታያት ድረስም አታምናትም። ለዚያ የአውሮፕላን ትኬት ነው አሁን እያጠራቀምን ያለነው።

ከዚያ በፊትም አይተነዋል። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ከ20 ዓመት መዘጋት በኋላ የመጀመሪያው የንግድ በረራ አስመራ ሲያርፍ፣ ወርደው መሬት የሳሙትን አስታውሱ። ሁለት አሥርት ዓመት ማለት ለ20 ዓመት ልጅ ዕድሜ ልክ ነው። ለ60 ዓመት ሰው ግን የቀረችው ጊዜ ናት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ነገር ሒሳቡን እናስተካክል። ወላጆቻችን ጊዜ አላቸው፣ ብር የላቸውም። እኛ ብዙም ባይሆን ብር እናገኛለን፣ ጊዜ ግን የለንም። ኢኮኖሚክስ ይህን ሲያይ «ተለዋወጡ» ነው የሚለው። እነሱ ይሂዱልን፣ ትራንስፖርቱን እኛ እንቻል። ቤታችን አሁን አራት ልጆች በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብር በቴሌብር ለእህቴ እንልካለን፤ እሷ ሰብሳቢ ናት። ስሙን «የፌስታል እቁብ» ብለነዋል። ዕጣው ሁልጊዜ የሚወጣው ለወላጆቻችን ነው። አንድ ማኪያቶ በሳምንት የቀነሰ ሰው የሚከፍለው ነው፣ አላጋንንም።

ሁለተኛ፣ ስልኩን አንጣለው። ስልክ በሁለት ጥየቃ መሃል ያለውን ጊዜ ለመሙላት ጥሩ ነው። እማዬ አሁን ጋሼ ጋ ስትደውል «እንዴት ነዎት?» አትልም። «ካሜራውን ወደ ኪኒኑ ያዙሩልኝ» ነው የምትለው። የጎረቤቱ ልጅም ተሻሽሏል፣ ከኮርኒሱ ወርዷል። ይህ የሚሠራው ግን አንድ ጊዜ ሄዳ ቤቱን ስላየች ነው። የት ምን እንዳለ ታውቃለች።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ አብረናቸው እንሂድ። ቢያንስ የመንገዱን ስም ለማወቅ። የአባዬ ስልክ ውስጥ ከ200 በላይ ቁጥር አለ። ስንቶቹን አውቃቸዋለሁ ብዬ አንድ ቀን ቆጠርኩ። 19 ናቸው። ቁጥሩን ኮፒ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ስደውል የሚያነሳው ሰው ግን «ማን ልበል?» ነው የሚለኝ።

ለአራተኛው የምናገረው ለእናንተ ሳይሆን ለሚመለከታቸው ነው። በእንግሊዝ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጡረታ ዕድሜ የደረሰ ሰው ከሥራ መግቢያ ሰዓት ውጭ በመላ አገሪቱ የአካባቢ አውቶቡስ በነጻ ይሳፈራል። እኛ እዚያ እንድረስ አልልም። ግን ለአረጋውያን ትንሽ የታሪፍ ቅናሽ፣ የፊት ወንበር፣ መናኸሪያ ውስጥ የሚገባበት ዓይነት ሽንት ቤት ከባድ ጥያቄ አይመስለኝም። እማዬ በጉዞ ቀን ውሃ አትጠጣም። ለምን እንደሆነ ሴቶቻችን ያውቃሉ።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል አባዬ ከደሴ ደወለ። «በሰላም ገብተናል» አለኝ። ከጀርባው የጋሼ ድምፅ ይሰማል፣ ከእማዬ ጋር ስለ በጉ ይከራከራሉ።

«እናንተስ ደህና ናችሁ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» አለ።

ሐሙስ ሲመለሱ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ። ፌስታሉ ስለሚከብድ ብቻ አይደለም። እውነት ደህና መሆናቸውን ላይ ነው።